ከቀብሩ በኋላ የጨፈረው ሾፌር

አንድ ከተማ ነበረ፤ አንድ ሲኒማ ቤትና ሁለት ጋዜጣ ያለው። አንዱ ጋዜጣ ጠዋት ይወጣል፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ። የከተማው ሰው ፊልም ከማየቱ በፊት እነዚህን ጋዜጦች ያያል። "ግቡ" ካሉት ይገባል፣ "ቅሩ" ካሉት ይቀራል። አንዱ ግቡ፣ ሌላው ቅሩ ያለ እንደሆነ ግን በር ላይ ቆሞ ሲከራከር ይውልና ሳይገባ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በዚያ ከተማ እማዋይሽ የምትባል ሴት ፊልም ሠራች። የመጀመሪያዋ ነው፤ አራት ዓመት ፈጀባት። ፊልሙ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ መንገድ ስለተመላለሰ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር የሚያወራ ነው። መጀመሪያ ሲነዳ እናየዋለን። ቀጥሎ ልጁን ይድራል፤ ጉልበቱን እያመመውም ቢሆን በሠርጓ ይጨፍራል። ከዚያ ይሞታል፣ ይለቀስለታል፣ ይቀበራል። በመጨረሻ ልጁ የአባቷን መሪ ይዛ ያንኑ መንገድ ትነዳለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

የእማዋይሽ አባትም ሾፌር ነበር። ሲቀበር አልደረሰችም፤ ሩቅ አገር ነበረች። ያንን ቀብር በፊልም የሠራችው እንግዲህ ልትደርስለት ብላ ነው።

ፊልሙ አራት ጥቅል ነው። እያንዳንዱን ጥቅል በክብ ቆርቆሮ ከተተችና በምስማር ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬ ብላ ጫረችበት። ሌላ ቅጂ የለውም። ያለው እሱ ብቻ ነው።

የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ትብለጥ ፊልሙን ሲቀበሏት፣ "እኔ ፊልም አላውቅም፤ የማውቀው ወንበር ነው" አሏት። "ቅዳሜ ሃያሲዎቹ ይዩት። ሰው የሚያስገባ ነገር ከጻፉልሽ ፊልምሽ ይቆያል። ካልሆነ የህንድ ፊልም አስገባለሁ። ቅር እንዳይልሽ።"

"ኧረ አይለኝም እትዬ" አለች። ቅር ብሏት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ ሃያሲዎች መጡ። የጠዋቱ ጋዜጣ አቶ አስራደ፣ የከሰዓቱ ጋዜጣ አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፤ ግን አንዱ በሳቀበት ሌላው ስቆ አያውቅም። እማዋይሽ አልገባችም። "ሰው ሲያዛጋ ካየሁ እሞታለሁ" ብላ መንገዱን ተሻገረችና ድምፅ በማይሰማበት በኩል ፊልሙ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። ሰዉ ሲወጣ አቶ አስራደ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እሁድ የጠዋቱ ጋዜጣ እንዲህ አለ፦ "ተደነቅን! ይህች ሴት ማንም ያልደፈረውን ደፈረች። ሾፌሩ ተቀብሮ ካበቃ በኋላ ተነሥቶ በልጁ ሠርግ ላይ ጨፈረ። የአባትን ፍቅር መቃብር እንደማይዘው እንዲህ አድርጎ ያሳየን የለም። ግቡ!"

እማዋይሽ ሦስት ጊዜ አነበበችው። "ተነሥቶ?" አለች ለራሷ። ደስ ስላላት ግን አልመረመረችም። የተማሩ ሰው ናቸው፣ እኔ ያላየሁትን አይተውልኝ ነው ብላ ተወችው። ምስጋና ሲሆን ማን ይመረምራል?

ከሰዓት ሌላኛው ጋዜጣ ወጣ። "ሠሪዋ ለቅሶ ይቅደም ሠርግ ገና አልለየችም። የቀበርነው ሰውዬ አፈሩን አራግፎ ሲጨፍር አየን። አልቃሾቹ እንባቸውን ሳይጠርጉ እልል አሉ። ይህች ሴት ፊልም ከመሥራቷ በፊት ተረት ማውራት ትማር። ቅሩ!"

ይኼን ጊዜ ቁጭ ብላ ሁለቱን ጋዜጦች ጎን ለጎን ዘረጋች። አንዱ እንደ ንግሥት አድርጓታል፣ ሌላው እንደ ሞኝ። አራት ዓመት የደከመችበትን ሥራ በአንድ ቀን መለየት አቃታት። ሁለት የተማሩ ሰዎች "ተነሣ" ካሉ ጥፋቱ የኔ አሠራር ይሆናል አለች።

ሰኞ ወይዘሮ ትብለጥ አስጠሯት። "ሰዉ ደጄ ላይ ቆሞ ይጣላል እንጂ አይገባም። እኔ እንደሆነ መላ አለኝ። ቀብሩን ቁረጪው! ካልተቀበረ ማን ተነሣ ይለዋል? ለቅዳሜ አድርሺልኝ፣ ሃያሲዎቹን እንደገና እጠራቸዋለሁ።"

እማዋይሽ መቀስ ይዛ ወደ ማሽኑ ክፍል ወጣች። እዚያ ጋሽ ይርዳው አሉ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለከተማው ፊልም ሲያሳዩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ማሽኑን ዘይት እየቀቡ ነበር።

"ጋሽዬ፣ ሦስተኛውን ቆርቆሮ ይስጡኝ።"

"ምን ልታደርጊው ልጄ?"

"ቀብሩን ልቆርጠው።"

"ኧረ ተይ! እኔ ራሴ አልቅሼበታለሁ።"

"ጋዜጣው ግን ስቆበታል።"

ቆርቆሮውን ከፈተች። ፊልሙን ወደ ብርሃን ዘርግታ ቀብሩ የሚጀምርበትን ፈለገች። አገኘችው። አልቃሾቹ ተደርድረው ይታያሉ፤ ከእህል ፍሬ አይበልጡም። መቀሱን ስታስጠጋ ጋሽ ይርዳው እጇን ያዟት።

"አትቁረጪ! ጥፋቱ የኔ ነው።"

"የምን ጥፋት?"

"ቅዳሜ መነጽሬ ተሰብሮብኝ ነበር። ፪ እና ፫ ተመሳሰሉብኝ። ሦስተኛውን ሁለተኛ አድርጌ አሳየሁት። የተቀበረው ሰውዬ ሠርግ ቤት ሲደንስ ሳይ ነው የነቃሁት። ላቆመው ብል ፈራሁ። ሠላሳ ዓመት ያልተሳሳተ ሰው እንዴት ብሎ 'ተሳሳትኩ' ይላል? ወይዘሮ ትብለጥም ያባርሩኛል አልኩ።"

እማዋይሽ መቀሱን አስቀመጠች። መጀመሪያ ልትጮህባቸው ነበር። "ታዲያ እነዚያ ሰዎች ያዩት የማንን ፊልም ነው?" አለች።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። "የእኔን መሰለኝ።"

"እንዲያ ከሆነ አቶ አስራደ ያደነቁት እርስዎን ነዋ!"

ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም እየፈሩ ሳቁ። ከዚያ ሳቋን አቆመችና፣ "ለነሱ እንዳሳዩዋቸው አድርገው ያሳዩኝ" አለች።

ወርዳ ባዶው አዳራሽ መሀል ተቀመጠች። በሲኒማ ቤት ፊልሟን ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በእውነትም የተገለባበጠው ፊልም ግራ ያጋባል። በእውነትም ደግሞ ሟቹ ብቅ ብሎ ሲጨፍር ልብ ይነካል። አቶ ልሳነወርቅ አልዋሹም። አቶ አስራደም አልዋሹም። ሁለቱም የጻፉት ያዩትን ነው። ያዩት ግን የእሷን ፊልም አልነበረም። ቀጥሎ በትክክለኛው ቅደም ተከተል አየችው። ሾፌሩ ጨፈረ፣ ደከመው፣ ሞተ፣ ተቀበረ፣ ልጁም መሪውን ያዘች። "የኔ ይኸኛው ነው" አለች። ከቀብሩም የሚቆረጥ አላገኘችም።

ወይዘሮ ትብለጥ ነገሩን ሲሰሙ እጃቸውን አጨበጨቡ። "በይ እንግዲህ ስህተቱን አትንኪው! አንድ ሙሉ ጋዜጣ ያወደሰው ስህተት ከየት ይገኛል?"

"አይሆንም እትዬ። አባቴ የሞተው አንዴ ነው። የሞተውም ጨፍሮ ነው።"

"ሰው ባይገባስ?"

"ባይገባም በራሴ ፊልም ልውደቅ። በሰው ስህተት መመስገን አልፈልግም። ጋሽ ይርዳውንም እንዳይነኩብኝ፤ ባይናገሩ ኖሮ ቆርጬው ነበር።"

"እሱን ማን ይነካዋል" አሉ ወይዘሮ ትብለጥ። "ያ ግትር ማሽን ከሱ በቀር ማንን ይሰማል?"

ቅዳሜ ሃያሲዎቹ ተመልሰው መጡ። ከፊልሙ አንድ ጣት ያህል አልተቆረጠም፣ አንድ ጣት አልተጨመረበትም። ቆርቆሮዎቹ ብቻ በተራቸው ገቡ። እማዋይሽ በዚህ ቀን ከሰው መሀል ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ አንድ ሰውዬ ሲያዛጋ አየች። አልሞተችም።

በማግስቱ የጠዋቱ ጋዜጣ፣ "አዘንን" አለ። "ባለፈው ያደነቅነው ድፍረት የለም። ሠሪዋ ወቀሳ ፈርታ ያንን የመሰለ ፊልም እንደማንኛውም ፊልም አደረገችው። ቅሩ።" የከሰዓቱ ደግሞ፣ "ደስ አለን! ሠሪዋ ምክራችንን ሰምታ ፊልሟን አርማለች። ብዕራችን ፍሬ አፈራ። ግቡ" ብሎ ጻፈ።

ጋሽ ይርዳው ሕሊናቸው አላስቻላቸውም፤ ወደ ሁለቱም ሄደው እውነቱን ተናገሩ። አቶ አስራደ፣ "አንተ ማሽን ታዞራለህ እንጂ ጥበብ ታውቃለህ? እንዲህ ያለ ነገር በስህተት አይመጣም!" ብለው መለሷቸው። አቶ ልሳነወርቅም፣ "እኔ ጽፌ ነው የታረመው። አሁን የኔን ድካም ለመነጽር ልትሰጠው ነው?" አሉ።

የከተማው ሰው ግን ተቸገረ። ባለፈው ግቡ ያለው ቅሩ አለ፣ ቅሩ ያለውም ግቡ አለ። ማንን ይመን? አማራጭ ሲያጣ ገብቶ በዓይኑ አየው። ወንበሩ በየቀኑ ሞልቷል ማለት አይደለም፤ ሆኖም የህንዱ ፊልም ሳምንቱን ሙሉ ደጅ ጠና። ከአዳራሹ ሲወጡ አንዳንዶች ያለቅሳሉ፣ አንዳንዶች "ይኼ ነው እንዴ?" ይላሉ። እማዋይሽ ሁለቱንም ሰምታ ሁለተኛውን ፊልሟን መሥራት ጀመረች።

ወገኖቼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው የሚናገረው ያየውን ነው። ሥራችሁ ግን እሱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በየት በኩል እንደተገለባበጠ አታውቁም። ስለዚህ ምስጋናም ሲመጣ፣ ነቀፋም ሲመጣ፣ መጀመሪያ ገብታችሁ በገዛ ዓይናችሁ እዩት። ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ አርሙት፣ አትፈሩ። ካልሆነ ግን አትንኩት፤ ተቆርጦ የወደቀ ነገር ተመልሶ አይቀጠልም። ልጅ ማሳደግም እንደዚሁ ነው። አንዷ ጎረቤት "ልጅሽ ዓይን አፋር ነው" ትላለች፣ ሌላዋ "ልጅሽ አስቸገረ" ትላለች። እነሱ ያዩት የአንድ ቀኑን ነው። ልጁን ከመጀመሪያው ጀምሮ የምታውቀው ግን እናቱ ናት።

እናንተስ? ራሳችሁ ገብታችሁ ሳታዩ፣ ሰው ስላለ ብቻ ከሕይወታችሁ ልትቆርጡት የተነሣችሁት ነገር ምንድን ነው?