ጎጆ ቀላሹ ምክትል ሚኒስትር

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ልጆቼ። ያዩት ነግረውኝ እንጂ እኔ አልደረስኩበትም። በዱሮ ጊዜ፣ እዚሁ ሰንበሌጥ ሜዳ ዳር፣ ልየው ቢያድጌ የሚባል ጎጆ ቀላሽ ነበር። መሬት የለው፣ በሹም ቤት ዘመድ የለው። ያለው መሰላልና ማጭድ ነው። ሜዳው የወል ነበር። ከብቱ ይግጥበታል፤ ሣሩ የሦስት መቶ ጎጆ ክዳን ይሆናል። ሜዳው ከተወሰደ ከብቱም ያልቃል፣ ቤቱም ያፈሳል።

ፊታውራሪ ዋኘው የሚባሉ ባለርስት ይህን ሜዳ ከጀሉ። እንዲመቻቸውም ፓርላማ ልግባ ብለው ተነሡ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ማንበብ ስለማይችል ተወዳዳሪ የሚመረጠው በሥዕል ነው። ፊታውራሪ ፈረስ አሳሉ። ልየው መሰላል አሳለ። «እንዴ ልየው፣ ፓርላማውን ልትከድነው ነው?» ብለው ሳቁበት። «የሚያፈስ ከሆነ ምን ቸገረኝ!» አላቸው። ፊታውራሪ ሰንጋ ጥለው አበሉ። ሕዝቡም በላ፣ መረቀ፣ ሄዶ መሰላሉን መረጠ። እንዲህ ነው የእኛ ሰው!

ልየው አዲስ አበባ ገባ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሕግ ቀረበ፤ በአንድ ሰው ስም ግብር የማይከፈልበት መሬት ሁሉ ጠፍ ነው፣ ለጠየቀ ይሰጣል የሚል። እጅ አውጡ ተባለ። አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። ልየው አላወጣም።

ሰብሳቢው «አቶ ልየው፣ እጅዎን አመመዎት?» አሉት።

«እጄስ ጤነኛ ነው፣ ጌታዬ። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሕጉ አለፈ። ልየው ግን በየስብሰባው ስለ ሜዳው ተናገረ። ተቀመጥ ሲሉት ተነሣ፤ ዝም በል ሲሉት ተናገረ። ቢቸግራቸው መክረው ሾሙት። አፉ ይዘጋል ብለው የመሬት ጉዳይ በሚታይበት መሥሪያ ቤት ምክትል ሚኒስትር አደረጉት።

ወሬው እዚህ ሲደርስ ሰው ሁሉ ተሸጠ አለ። ሚስቱ ስንቅነሽ «ሜዳውን ለፊታውራሪ ከፈረምክ እዚያው ቅር፤ ደጄን እንዳትረግጥ» ብላ ላከችበት።

ከዚያ የፊታውራሪ ማመልከቻ መጣ። ሚኒስትሩ የሕዝብ እርግማን ፈሩ። ለሕክምና ብለው ባሕር ማዶ ተሻገሩና ወረቀቱን ለምክትላቸው ተዉለት። የፊታውራሪ ጉዳይ አስፈጻሚ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«የጎደለው ፊርማዎ ብቻ ነው፣ ክቡርነትዎ።»

ልየው ብዕሩን አነሣ። ከግርጌው ጻፈ። ፈረመ። ማኅተም አስመታ። ሰውየው ፊርማውን ሲያይ ጊዜ ሳያነበው እየሮጠ መዝገብ ቤት አስገባው። የመዝገብ ቤት ልማድ ደግሞ ይታወቃል፤ ፊርማና ማኅተም ካየ ቁጥር ይሰጣል፣ ግልባጭ ያወጣል፣ ይልካል። በወሩ ግልባጩ እዚህ ገበያ መሀል ተነበበ፦ «ይህ ሜዳ ጠፍ አይደለም። ሕዝብ ይኖርበታል። አልሰጥም። ልየው ቢያድጌ፣ ምክትል ሚኒስትር።»

ገበያው በእልልታ ቀለጠ። ፊታውራሪ በቅሏቸውን አስጭነው ሹልክ አሉ። ሚኒስትሩ ሲመለሱ ትእዛዙን ለመሻር በገዛ ስማቸው መጻፍ ነበረባቸው፤ ባሕር የተሻገሩት ደግሞ ይህንኑ ሸሽተው ነው። ስለዚህ ሜዳው ቀረልን። ልየውን ግን በአንድ መስመር ደብዳቤ አባረሩት። በእግሩ መጣ። ስንቅነሽ ደጅ ወጥታ ጠበቀችው። «ግባ» አለችው። በማግስቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሥራውን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ አገር የእድርም ሆነ የእርቅ ወረቀት ሲጻፍ ከፈራሚዎቹ በታች አንድ መስመር ባዶ ይተዋል። ጸሐፊው ይቆምና «እንቢ የሚል ይፈርም!» ይላል። የልየው መስመር እንላታለን። አንድ ጊዜ አንድ የወረዳ ሹም መጣና፣ ይህ ባዶ መስመር ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፣ በዚህም መስማማታችሁን ፈርሙ አለን። ወረቀቱን ተቀበልነው። መቶ አርባ ሰው ሆነን የልየው መስመር ላይ ፈረምን።