ከገመዱ በታች ያለ ግቢ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ስሙ አያልነህ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በኪራይ ቤት ነው። የሰው ግቢ ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል፤ ልጅ ሲያለቅስ አከራይ ይቆጣል፣ እንግዳ ሲበዛ በር ይቆለፋል፣ ልብስ እንኳ የሚሰጣው በተራ ነው። አያልነህ ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ አለው። የውብዳር የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ እሷን በሰው ደጅ መዳር አልፈለገም። "በራሴ ግቢ ድንኳን ተክዬ ነው የምሸኛት" ይል ነበር። ቀሚስ ሲሰፋም፣ ሱሪ ሲያሳጥርም ወሬው ይኸው ነው።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ ደላላ አንድ ቤት አሳየው። ቤቱ አሮጌ ነው፣ ግቢው ግን ሰፊ ነው፤ የሠርግ ድንኳን ተተክሎበት ቦታ ይተርፋል። ዋጋውም ለልብስ ሰፊ የሚደረስበት ነው። ለምን እንደረከሰ ለማወቅ ቀና ማለት ይበቃል፤ ከትልልቅ የብረት ምሰሶዎች የተዘረጋ የከፍተኛ ኃይል ገመድ በግቢው አናት ላይ ያልፋል። ሲያዩት ሩቅ ይመስላል። ሰው ዝም ሲል ግን ጉርምርምታው ይሰማል።

የአያልነህ ሚስት ብዙነሽ ነገሩን አልወደደችውም። "ይሄ ነገር ያጉረመርማል" አለች ወደ ላይ እያየች።

"ኧረ እህቴ፣ እንዲያውም እናንተ ቤት መብራት አይጠፋም!" አለ ደላላው። ደላላ ምን ይሳነዋል? ያ ገመድ ኃይል ተሸክሞ የሚሄደው ወደ ሌላ ከተማ ነው፤ የሰፈሩ ሰው እንደማንኛችንም ሻማ እየገዛ ነው የሚኖረው።

ባልና ሚስት ሲከራከሩ ሰነበቱ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ፤ "ጎረቤቱን እንጠይቅ። ክፉ ነገር ካለ እሱ ያውቃል። ግዙ ካለን እንገዛለን፣ ተዉ ካለን እንተዋለን።"

ጎረቤቱ ጋሽ ተክለወልድ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። ቤታቸው ከገመዱ መስመር ወጣ ያለ ነው። ቅን ሰው ናቸው፤ ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። ታሪኩን የሚያከብደውም ቅንነታቸው ነው።

"አባቴ፣ ይሄን ቤት ልንገዛ አስበን ነበር" አላቸው አያልነህ። "እንደ ልጅዎ ቆጥረው ይንገሩኝ፤ ለኑሮ እንዴት ነው?"

ጋሽ ተክለወልድ የሚያውቁት ነገር ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ሠራተኛ በዚያ ግቢ ረጅም የብረት ቱቦ ሲያቆም ቱቦው ገመዱን ነክቶ ኤሌክትሪኩ ወርውሮት ክንዱን አጥቷል። በበጋ ፀሐይ ገመዱ እንደሚረግብ፣ ከታች ሲያዩት እንደሚመስለው ሩቅ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ከዚያ አደጋ ወዲህ የሰፈሩ ዕድር እዚያ ግቢ ድንኳን ተክሎ አያውቅም፤ የሻጯ ባል የሞቱ ጊዜ ለቀስተኛው የተቀመጠው ጋሽ ተክለወልድ ግቢ ነው። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ቀና ሲሉ ግን ሻጯን በበሯ ላይ ቆማ አዩዋት። ባሏን የቀበረች፣ እሷም የታመመች፣ ለመታከሚያ ብላ ቤቷን የምትሸጥ ሴት ናት። የሰው ገበያ ማበላሸት ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

"ሰፈሩ ሰላም ነው፣ ሰዉም ደግ ነው" አሉ። "እግዚአብሔር የበረከት ቤት ያድርግላችሁ።"

ካሉት ውስጥ አንድም ውሸት የለም። አያልነህ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ክንዱን ይዘው አነሱት። ቤቱ ተገዛ።

ጋሽ ተክለወልድ በልባቸው "ውሉ ይለቅና እነግረዋለሁ" ብለው ነበር። ውሉ ሲያልቅ ደግሞ አፈሩ። "ያኔ ስጠይቅዎት ለምን ዝም አሉ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?" ዛሬ ነገ ሲሉ ክረምቱ ወጣ። ዝምታ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ በይሉኝታ ይጀመርና በሀፍረት ይቀጥላል። አያልነህ ከሩቅ ሲያያቸው እየሮጠ ሄዶ ሰላም ይላቸዋል፤ እሳቸው መንገድ መቀየር ጀመሩ።

ጥር ገባ፣ የየውብዳር ሠርግ ደረሰ። አያልነህ ገና የሰፈሩ ዕድር አባል ስላልሆነ ድንኳኑን ከሌላ ሰፈር ተከራየ። ዕድርተኛው ቢተክለው ኖሮ አንድ ሰው "ተው" ባለው ነበር። በሠርጉ ዋዜማ ጋሽ ተክለወልድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከአጥሩ ማዶ ሳቅና ጫጫታ ሰሙ። ቀና ቢሉ አንድ ረጅም የድንኳን ብረት ከአጥሩ በላይ እየተወዛወዘ ወደ ላይ ይወጣል። "ተው! አያልነህ፣ ተው!" እያሉ በደከመ እግራቸው ሮጡ። ያቺን ቃል ወራት ሙሉ በሆዳቸው ይዘዋት ኖረዋል፤ ስትወጣ ጊዜው አልፎ ነበር። አያልነህ የመካከለኛውን ቋሚ ለማንም አልሰጥም፣ "የልጄን ድንኳን የማቆመው እኔው ነኝ" ብሎ ብቻውን ታቅፎት ነበር። እንደታቀፈው ወደቀ።

የሠርጉ ድንኳን ለለቅሶ ሆነ። እዚያ ግቢ የሚተክለው ግን አልተገኘም። የዕድሩ ሰዎች ተሸክመው ወስደው ጋሽ ተክለወልድ ግቢ ተከሉት። አባቷ ለሠርጓ የሰፋላት ቀሚስ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀርቶ የውብዳር ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች። ሽማግሌው በገዛ ግቢያቸው የሚቀመጡበት ጠፋቸው።

በሠልስቱ ዕለት ብዙነሽ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ጋሽ ተክለወልድ፣ ያን ቀን ሲጠይቅዎት እኔም አጠገቡ ነበርኩ።"

"አስታውሳለሁ ልጄ።"

"ያውቁ ነበር?"

ሽማግሌው አቀረቀሩ። "አውቅ ነበር። ሴትየዋ ታማለች፣ ሰው የላትም፤ ገበያዋን አላበላሽባት ብዬ ነው።"

ብዙነሽ ድንኳኑን ቀና ብላ አየችው። "ገበያውማ አልተበላሸም" አለች። "እሷም ሸጠች፣ እኛም ገዛን።"

ይህን ብላ ተነሣች። ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ብዙነሽ ቤቱን ለመሸጥ ተገደደች። ያው ደላላ ያንኑ የመብራት ወሬውን እያወራ አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ይዞ መጣ። ወጣቱ ባል የጋሽ ተክለወልድን በር አንኳኳ።

"አባቴ፣ ይሄ ቤት ለኑሮ እንዴት ነው?"

ሽማግሌው ወደ ማዶ አዩ። ብዙነሽ በበሯ ላይ ቆማለች፣ ያችኛዋ ሴት ቆማበት በነበረው ቦታ። ባሏን ቀብራለች፣ እጇ ባዶ ነው፤ ይህ ገዢ ከሄደ ሌላው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ቢናገሩ የሚጎዷት አስቀድመው የጎዷትን ሴት ነው። የአሁኑ ከበፊቱ ባሰባቸው።

"ይንገሩት፣ ጋሽ ተክለወልድ" አለች ብዙነሽ ከማዶ።

ነገሩት። እያለቀሱ ሁሉንም ነገሩት። ባልና ሚስቱ አመስግነው ሄዱ፣ ብዙነሽም በሯን ዘግታ ገባች። ቤቱ እስከ ዛሬ አልተሸጠም ይባላል።

ቤት የምትገዙ ሰዎች፣ ግድግዳውንና ውሉን ብቻ አትመልከቱ፤ ቀና ብላችሁም እዩ። በዚያ ግቢ ደስታም ሐዘንም እንደሚመጣ አስባችሁ እዩ። ከገዢው ይልቅ ግን ይህ ታሪክ የሚመለከተው የተጠየቀውን ሰው ነው። የሰው ገበያ አለማበላሸት መልካም ጠባይ ነው፤ የሰው ነፍስ ያለበት ሲሆን ግን ጭካኔ ነው። ለታመመችው ማዘን ካስፈለገ ከራስ ኪስ ይሰጣል እንጂ በማያውቅ ሰው ሕይወት አይለገስም። እውነትም የሚነገርበት ጊዜ አለው፤ እሱም የተጠየቅን ጊዜ ነው። ካለፈ በኋላ ሮጦ የሚደርስበት የለም።

እስቲ እናንተን ልጠይቅ። ብዙነሽ ከማዶ ባትጣራ ኖሮ ሽማግሌው ይናገሩ ነበር? እናንተስ ብትሆኑ?