አያ ሣጥንና ስም የለሿ ፎቶ

ተረት ተረት! «የላም በረት» አላችሁ? ተዉት፤ የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለበትም። የሣጥን ተረት ነው። እኔም ደክሞኛል፣ ሣጥኑም ደክሞታል፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የማወራችሁ። «በተረት ዘመን ፎቶ ከየት መጣ?» የሚል ካለ ውጭ ወጥቶ ይጫወት።

ዱሮ ዱሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ እትዬ ማንያህልሻል የሚባሉ አንዲት ሴት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ጓዳቸው ውስጥ ከዋንዛ የተሠራ ትልቅ ሣጥን ነበራቸው። የቤቱ ዕቃ ሁሉ «አያ ሣጥን» ይለዋል። አያ ሣጥን ሆዱ ውስጥ እህል የለ፣ ልብስ የለ፤ የዘመድ አዝማድ ፎቶ ብቻ ነው። የሞተ አለ፣ አገር ጥሎ የሄደ አለ፣ የተኳረፈ አለ። በሕይወት ሳሉ አንድ ማዕድ የማይቀርቡ ሰዎች እሱ ሆድ ውስጥ ፊትና ፊት ተደፋፍተው ይተኛሉ። ይህን ሁሉ ሰው ተሸክሞ መኖር ያደክማል።

ያን ጊዜ ፎቶም ይናገር ነበር። ነገር ግን ፎቶ ስሙን በራሱ አያውቅም። ሰው ሲጠራው ነው የሚያውቀው፤ ዓመት ዓመት ካልጠሩት ይረሳዋል። ስለዚህ እትዬ ማንያህልሻል ክረምቱ ሲወጣ፣ የመስከረም ፀሐይ ሲሞቅ፣ ደጅ ላይ ሰሌን ያነጥፉና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያሰጧቸዋል፣ እርጥበቱ እንዳያጣብቃቸው። በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉም ያናግሯቸዋል።

«አንተ ወልደ ጻድቅ! በተውሶ ብስክሌት የምትኮፈስ!» ይላሉ።

«አቤት፣ እኔ ነኝ» ይላል ወልደ ጻድቅ፣ ብስክሌቱን እንደ ተደገፈ።

«እናንተ ሦስታችሁ! አንዳችሁ ሲመታ ሦስታችሁ የምታለቅሱ!»

«አቤት፣ እኛ ነን» ይላሉ ሦስቱ፣ እንደ ተቃቀፉ።

አንዷን ፎቶ ግን እንዲህ አያጫውቷትም ነበር። ደረታቸው ላይ ያስጠጓትና «እታለም» ብቻ ብለው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ሣጥኑ ከዚያ በላይ ስለ እሷ ሰምቶ አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን የእትዬ ማንያህልሻል ጉልበት ታመመ። መስከረም ሲጠባ «ዘንድሮስ አልቻልኩም፣ ለከርሞ» አሉ። ከርሞ ደረሰ፤ ዓይናቸው ፈዘዘ። «ለከርሞ» አሉ። ሦስተኛው መስከረም ሲመጣ ምክንያት እንኳ አልፈለጉም፤ «ለከርሞ» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ለከርሞ ማለት እንዲህ ነው፤ አንዴ ከለመዱት አፍ ላይ ይጣፍጣል። አያ ሣጥን ሆድ ውስጥ ያሉትም አንድ በአንድ ዝም፣ ዝም፣ ዝም አሉ።

ታዲያ በዚያ ቤት እሜቴ አይጥ ትኖር ነበር። ሌባ እንዳትመስላችሁ፤ ሕግ አዋቂ ናት። ከሌባስ የሚከፋው ሕግ አዋቂ ነው። የቤቱ ሕግ ደግሞ «ስሙ የታወቀ አይነካም፣ ስም የሌለው ላገኘው ነው» ይላል።

በመጀመሪያው ዓመት እሜቴ አይጥ በሣጥኑ ስንጥቅ ገባችና ባለ ብስክሌቱን አገኘች።

«ማነህ?» አለችው። ዝም።

«ማነህ?» ዝም።

«ለመጨረሻ ነው፣ ማነህ?» ዝም።

ጎትታ ወሰደችው። በሁለተኛው ዓመት ሦስቱን ወዳጆች ሦስት ጊዜ ጠየቀች፤ ሦስት ጊዜ ዝም አሉ፤ ወሰደቻቸው። አያ ሣጥን ሁሉንም ያውቃቸዋል። ነገር ግን ደክሞት ነበር፣ «እኔ ምን አገባኝ፣ ባለቤቶቹ ያልጠሯቸውን» ብሎ ተኛ።

በሦስተኛው ዓመት እሜቴ አይጥ እታለም ዘንድ ደረሰች።

«ማነሽ?» ዝም። «ማነሽ?» ዝም። ለሦስተኛው አፏን ስትከፍት ሣጥኑን አንድ ነገር አንገበገበው። አሮጊቷ ደረታቸው ላይ ያስጠጉ የነበረው እሷን ብቻ ነው። እሷ ከሄደች የቀረው ምን ሊሆን ነው?

«በሕግ አምላክ!» አለ።

በሕግ አምላክ ከተባለ አንበሳም ይቆማል፣ አይጥማ እንዴት አትቆም። ተያይዘው አባ ምሰሶ ፊት ቀረቡ። አባ ምሰሶ የቤቱ መካከል ላይ ቆሞ ጣሪያውን የተሸከመው ነው፤ ዳኝነቱም የእሱ ነው።

«አባ ምሰሶ፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አለች እሜቴ አይጥ። «መሬቱ ይበርዳል፣ ፍራሽ እፈልጋለሁ። ይቺ ፎቶ ስም የላትም።»

«አላት!» አለ ሣጥኑ። «እታለም ናት፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ዕቃ ለዕቃ ምስክር አይሆንም» አለ አባ ምሰሶ። «ሰው ይጥራት። ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ከጠራት የአንተ ናት፤ ካልጠራት የእሷ።»

ሣጥኑ ተከዘ። የሰው ነገር! ዕቃ ሁሉ ሲናገር የማይሰማ ሰው ብቻ ነበር። አሁንስ ቢሆን መቼ ይሰማል?

በማግስቱ ጥሩዬ መጣች። የእትዬ ማንያህልሻል የወንድማቸው ልጅ ናት።

«አክስቴ፣ ይሄ ቤት ማፍሰስ ጀምሯል። ነገ እኔ ጋ ይሄዳሉ፣ ተነጋግረን የለም?»

«ይሁን ልጄ። ቤት እንዳረጀ ሰው ነው፤ ሲያፈስ ይተዉታል።»

«እንዲህ አይበሉ እንጂ። ይልቅ አልበም ይዤ መጥቻለሁ፤ ፎቶዎቹን በወጉ አስቀምጣቸዋለሁ።»

ጥሩዬ ደግ ልጅ ናት፤ ጥፋቷ መቸኮሏ ነው። ሣጥኑን ከፈተችና ፎቶዎቹን ትልቅ ከትልቅ፣ ትንሽ ከትንሽ ትደረድር ጀመር። አባት ከልጁ በመጠን ተለያየ። አንድ ሙሽራ ፎቶው አነስ ስላለ ከሕፃናቱ ጋር ተመደበ። የማታውቀውን ፊት ደግሞ ገልብጣ ጀርባውን ታያለች። ሁሉም ጀርባ ላይ የተጻፈው አንድ ነው፦ «ለማስታወሻ ይሁንሽ።» ከሥሩ አንድ የተጠማዘዘ ፊርማ። ማንን እንደምታስታውስ የጻፈ አንድ የለም። «እኔንማ መቼ ታጣኛለች» እያለ ሁሉም እየፈረመ ሰጥቷል! ጥሩዬም እነዚህን ለብቻ፣ ለእሳት ማቀጣጠያ ብላ ምድጃው አጠገብ ከመረቻቸው። እታለምም እዚያው ክምር ላይ ወደቀች። እሜቴ አይጥ ከምድጃው ጀርባ ቁጭ ብላ ፀሐይዋን ታያለች።

አያ ሣጥን ተጨነቀ። «ጠይቂ እንጂ! አሮጊቷ እኮ አጠገብሽ ናቸው!» አለ። ጥሩዬ የሰማችው «ሲጥጥ» የሚል የማጠፊያ ድምፅ ነው።

«ውይ፣ ይሄ ሣጥን እንዴት ይጮሃል!» አለች።

«ዘይት ጠብ አድርጊለት» አሉ እትዬ ማንያህልሻል።

ዘይት ተደረገለት። በዚህም አፉን ዘጉት።

ሣጥኑ ተስፋ አልቆረጠም። አንድ እግሩን አጠፈና ዘንበል አለ፤ ምናልባት ወደ ክምሩ ያዩ እንደሆነ ብሎ። ጥሩዬ ድንጋይ ፈልጋ ከእግሩ ሥር ወሸቀችበት።

ፀሐይዋ አቆለቆለች። ሣጥኑ አሁንስ በእውነት ደከመው። ያን ሁሉ ዘመን ቀጥ አድርጎ ይዞት የነበረውን ከባድ ክዳን ለቀቀው። ክዳኑ ጧ! ብሎ የጥሩዬ ጣት ላይ ወደቀ።

«እናቴን! ወይኔ ጣቴን!»

እትዬ ማንያህልሻል በዳሰሳ መጡና ጣቷን ያዙ። እፍ፣ እፍ አሉበት። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። እኔንም በልጅነቴ ነክሶኛል። እታለም እንዲህ ነበር እፍ ያለችልኝ።»

ጥሩዬ ጣቷን ረስታ ቀና አለች። «እታለም ማናት?»

«ታላቅ እህቴ ናታ።»

«እህት ነበረችዎት? አባቴም ነግሮኝ አያውቅ!»

«አባትሽ ከእንጀራ እናታችን ከመወለዱ በፊት ነው የሞተችው። ፎቶዋ አለ እኮ እዚያ ውስጥ። አንዲት ቆማ የምትስቅ፣ አጠገቧ ፊቷ የማይታይ ሕፃን ያለች።»

ጥሩዬ ወደ ምድጃው ሮጠች። ክምሩን በታተነችው። እሜቴ አይጥ ወደ ጥግ ሸሸች። አገኘቻት። አንዲት ልጃገረድ ቆማ ትስቃለች፤ አጠገቧ የቆመችው ሕፃን ግን ፊቷ እንደ ጭጋግ ደብዝዟል።

«አክስቴ፣ ይቺ ሕፃን ምን ሆና ነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ተነቃንቄ ነው።» አሮጊቷ ሰሌኑ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ፎቶ አንሺው ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሰቅሎ ነበር የሚያነሣው። ‹እንዳትነቃነቁ› አለን። እናታችን ከሞተች ወዲህ እታለም ስቃ አታውቅም። በልጅነቷ እናት ሆናኝ፣ መቼ ትሳቅ? ያን ቀን ሰውየው ምን እንዳላት እንጃ፣ ሳቀች። እኔም ሳቋን ልይ ብዬ ዞርኩ። ፊቴ እንደዚያ ጠፋ።»

«አልተቆጣችዎትም?»

«የለም። ‹ፊትሽ ባይታይም ወዴት እንደ ዞርሽ ያስታውቃል› አለችኝ።»

ይህን ሣጥኑም አያውቀውም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ተሸክሟት፣ ምን እንደ ተሸከመ አላወቀም።

ጥሩዬ እርሳስ አወጣች። «ስሟን ልጻፈው። ማን ነበር ስሟ?»

«እታለም።»

«እሱማ መጠሪያዋ ነው። አባቷ ያወጣላት ስም?»

እትዬ ማንያህልሻል ግንባራቸውን ያዙ። እንባቸው መጣ። «ታላቅን በስም መጥራት ነውር አይደል? አንድ ቀን እንኳ ጠርቻት አላውቅም። ስትቀበር ቄሱ የክርስትና ስሟን ጠርተውት ነበር፤ እኔ እያለቀስኩ አልሰማሁም። ኋላ እጠይቃለሁ ስል ጊዜው ሄደ፤ የሚያውቁትም አለቁ።»

እሜቴ አይጥ ከጥጓ ወጣች።

«አባ ምሰሶ፣ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው! እታለም ስም አይደለም። በየቤቱ አንድ እታለም አለች፤ የእኔም ልጆች ታላቃቸውን እታለም ነው የሚሏት። ፍረድ!»

አባ ምሰሶ ብዙ አሰበ። «እኔንም ምሰሶ ነው የሚሉኝ» አለ። «ዛፍ ሳለሁ ሌላ ስም ነበረኝ፤ ማን እንደ ነበርኩ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ጣሪያው ወድቋል? ጠሪ ካለ ስም አለ። አሮጊቷ ይጥሯት፣ እሷም ትመልስ። ከመለሰች ስሟ ነው።»

እትዬ ማንያህልሻል ይህን ሁሉ ሙግት አልሰሙም። ፎቶውን ከጥሩዬ እጅ ወሰዱና እንደ ልማዳቸው ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«እታለም» አሉ። ዝም።

«እታለም፣ ይቅር በይኝ፣ ስምሽን አጣሁት» አሉ። ዝም።

«እታለም!» አሉ፣ እንደ ልጅ ጮክ ብለው።

«አቤት» አለች ፎቶዋ።

ሰዎቹ አልሰሙም። ዕቃው ሁሉ ግን ሰማ። እሜቴ አይጥ አንገቷን ደፋች። «በሕግ ተረታሁ» ብላ ወደ ጉድጓዷ ሄደች።

ጥሩዬ ጀርባው ላይ ጻፈች፦ «እታለም። የአክስቴ ታላቅ እህት። ስትስቅ። አጠገቧ ያለችው ሕፃን አክስቴ ናቸው፤ ሳቋን ለማየት ዞረው ነው።» ከዚያ ትልቅ ከትልቅ የደረደረችውን ሁሉ አፈረሰችና እንደ አዲስ ጀመረች። «ይሄስ ማነው?» ትላለች። አሮጊቷ ይናገራሉ፤ ትጽፋለች። የሚያውቁት አለ፣ የረሱት አለ። እየደከማቸው፣ ድምፃቸው እየሰለለ ተናገሩ።

«ባለ ብስክሌቱስ የት ሄደ? ወልደ ጻድቅ?» አሉ በመካከል። ጥሩዬ ፈለገች፣ አጣች። አያ ሣጥን ተሸማቀቀ። ያን ጊዜ አንድ «በሕግ አምላክ» ቢል ይበቃ ነበር።

በማግስቱ ጓዙን በጥሩዬ አህያ ጭነው፣ አልበሙን ይዘው ሄዱ። ሣጥኑ ለአህያዋ ከበዳት፣ ትተውት ሄዱ። በሩ ተዘጋ። አያ ሣጥን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሆነ። ቀላል መሆን ደስ ይል መስሎት ነበር፤ ደስ አላለውም።

ጥቂት ቆይቶ እሜቴ አይጥ ልጆቿን አስከትላ በስንጥቁ ብቅ አለች። «አያ ሣጥን፣ ጣሪያው እያፈሰሰብን ነው» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

አያ ሣጥን ለመቆጣት ፈለገ፤ አቅም አጣ። «ግቡ» አላቸው።

ገቡ። ልጆቿ ጥግ ይዘው ተቃቀፉ። ሣጥኑም እዚያው ቆሞ ጣሪያው ሲያፈስ ያዳምጥ ጀመር።

እንግዲህ ተረቴ ይኸው ነው። አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም፤ ጥርሴ ዳቦ አይችልም። የታመመ ጉልበት፣ የፈዘዘ ዓይን ያለው ሰው ቤታችሁ ካለ ግን ዛሬውኑ አጠገቡ ተቀመጡ። አበው ባይሉትም እኔ ልበለው፦ ሽማግሌ ሳለ ጠይቆ ያልያዘ፣ የአይጥ ፍራሽ ታቅፎ ይቀራል እንደ ተከዘ።