በበጉ ሥጋ ላይ የተቀመጠው መቀነት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም፣ ባለ ፈረስ። ፈረሱ ዳማ ነው፤ አንገቱ ላይ ቃጭል ተንጠልጥሎበታል። ቁጭ በል ምትኩ፣ የመኪናህን ቁልፍ ማንቀጭቀጭህን ተውና ስማኝ። «እማማ፣ በሰፈር መንገድ ለፈጠነ ቅጣቱን እጥፍ አደረጉት፤ ይሄ ሾፌር መዝረፍ እንጂ ምንድን ነው?» ብለህ የጠየቅኸኝ አንተ ነህ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የማውቀው ይሄንን ነው።

ሰውየው የሚኖርበትን መንደር መሀል ለመሀል የሚያልፍ አንድ ጠባብ መንገድ ነበረ። ግራና ቀኙ ቤት ነው፤ በሩ ሁሉ ወደ መንገዱ ይከፈታል። ሰውየው ታዲያ ከእርሻው ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ገበያ ሲል በዚያ መንገድ ፈረሱን ያስጋልባል። ለምን ይቸኩላል ብትለኝ አላውቅም። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ዶሮ ረገጠ። ቀጥሎ የአንድ ሽማግሌ ምርኩዝ ሰበረ፤ ሽማግሌው አጥሩ ላይ ተለጥፎ ተረፈ። ከዚያ ወዲያ እናቶቹ ፈሩ። ቃጭሉ ከሩቅ ሲሰማ የያዙትን ጥለው እየሮጡ ልጅ ይሰበስባሉ። ቃጭሉ ሳይኖርም ይሰማቸዋል፤ ውሃ ሲቀዱ ይሰማቸዋል፣ ተኝተው ይሰማቸዋል። በኋላ አንዷ መቀነቷን ፈታች፤ የልጇን ወገብ ከበሩ መቃን ጋር አሰረች። ሌሎቹም አይተው አሰሩ። እንግዲህ አስበው፤ ፈረሱ ተፈቶ ልጆቹ ታስረው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። «በመንደር መሀል የጋለበ አንድ በግ ይቀጣ» አሉ። ሰውየው ምን ቸገረው? በጎቹ ጋራ ይሸፍናሉ። ጋለበ፣ በግ ሰጠ። ጋለበ፣ በግ ሰጠ። በጉ ታርዶ ለየቤቱ ይከፋፈላል።

እዚህ ላይ ነው መንደሩ የተሳሳተው። ሥጋው ጣፈጠ። ባሎች «ዛሬስ አልጋለበም እንዴ?» መባባል ጀመሩ። ሰውየውም ነገሩን አወቀበት፤ በጉን አስቀድሞ እየላከ «የዛሬው ነው፣ ከፍያለሁ» ይላል። ሽማግሌዎቹም ቢላቸውን ይስላሉ።

አንድ ቀን በጉ በጠዋት መጣ። ታረደ፣ ተመደበ፤ ሴቶቹ ድርሻችሁን ውሰዱ ተብለው ተጠሩ። አንዲት እናት ትንሿን ልጇን በሩ ላይ እንዳሰረች ሄደች። ቋጠሮውን ሁለቴ አጥብቃ ነው የሄደችው። ድርሻዋን ተቀብላ በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ሳለች ቃጭሉ ተሰማ። ሴቶቹ ሁሉ ቀና አሉ። ከዚያ ቃጭሉ ቆመ። ልጄ፣ ያ ቃጭል መንገድ መሀል ቆሞ አያውቅም ነበር።

እናትየዋ ሮጠች። ልጅቷ ከመቀነቱ ሾልካ ወጥታ መንገዱ ላይ ወድቃለች፤ ትንፋሿ አለ፣ እግሯ ግን ከጉልበቷ በታች ዞሯል። ወጌሻ መጥቶ አሰረላት። «ትሄዳለች፤ ግን እያነከሰች ነው» አለ። ሰውየው ከፈረሱ ወርዶ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አፉ ግን የለመደውን ተናገረ፤ «የዛሬውን ከፍያለሁ እኮ።»

እናትየዋ መቀነቷን ከመቃኑ ፈታች፤ ሄዳ ሽማግሌዎቹ ፊት ቅጠል ላይ በተደረደረው ሥጋ ላይ አስቀመጠችው። «ለልጄ እግር የተከፈለው የትኛው ነው? አሳዩኝና ልውሰድ» አለች።

ያን ቀን የበላ የለም፤ ሥጋውን ዝንብ ወረሰው። ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ እጃቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ተነሡ። የሳቸውም የልጅ ልጅ በር ላይ ታስሮ ነበር የሚውለው። «እኛ አልቀጣነውም፤ መንገዱን ሸጥንለት እንጂ። ከዛሬ ጀምሮ በመንደር መሀል የጋለበ ፈረሱን ይነጠቅ» አሉ።

«ለአንድ ግልቢያ ፈረስ? ይሄማ ዝርፊያ ነው» አለ ሰውየው። ልክ እንዳንተ።

በማግስቱ ሴቶቹ ልጆቻቸውን እንዳቀፉ በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ሰውየው መንደሩ ጫፍ ደረሰ። ቆመ። ወረደ። ልጓሙን ይዞ፣ ፈረሱን እየሳበ በእግሩ አለፈ፤ ቃጭሉ ቀስ እያለ ይሰማል። ያንን ፈረስ እስኪያረጅ ድረስ ማንም አልነጠቀውም። እናቶቹ ግን መቀነታቸውን ከመቃኑ ለመፍታት አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀባቸው።

እንግዲህ ምትኩ፣ መንደሩ ይሄው ሰፈራችን ነው። ፈረሱ ሚኒባስህ ነው፤ ቃጭሉም ኮብልስቶኑ ላይ የሚንኳኳው ጎማህ። የድሮው ቅጣት በጉ ነበር፤ «የአንድ ምልልስ ገቢ ይሸፍነዋል» እያላችሁ ከጓደኞችህ ጋር ስትስቁ ሰምቻለሁ። አሁን የጨመሩት እንድትከፍለው አይደለም፤ ሰፈሩ ጫፍ ስትደርስ ወርደህ ልጓም እንድትይዝ ነው። ቀስ ብለህ ብትሄድ ማን ሳንቲምህን ይነካል?

አንድ ነገር ልንገርህና ሂድ። ከሰዓት በኋላ ከልጅህ ጋር በር ላይ እቀመጣለሁ። ከመንገዱ መታጠፊያ በኩል የመኪና ድምፅ ሲመጣ ቀሚሷን ጨብጬ እይዛለሁ። ያንተ ይሁን የሌላ ሰው እስኪያልፍ አላውቅም፤ ዓይኔ ደክሟል። አሁን አሁን እጄም ደክሟል። ትናንት ቀሚሷ ከእጄ አመለጠኝ፤ ወደ መንገዱ ሮጠች። የመጣው ሰው ቀስ ብሎ የሚነዳ ነበርና ቆመ።

አንተ አልነበርክም።