ዋስ ያለው ውሻ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ከሰው ያዩትን ሁሉ መሞከር በጀመሩበት ዘመን፣ በወይዘሮ ደብሪቱ ግቢ አንዲት አህያ፣ አንዲት ድመት፣ አንድ አውራ ዶሮ ከነሚስቶቹና አንድ ሽማግሌ ውሻ ይኖሩ ነበር። ውሻው ማንአለብኝ ይባላል። በወጣትነቱ ለስሙ የሚመጥን ውሻ ነበር። አሁን ግን ጆሮው ደንቁሮ ጥርሱ ረግፏል፤ ሌባ መምጣቱን የሚያውቀው ሌባው ሲረግጠው ነው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ሌላ ውሻ እንደሚያስፈልግ ገብቷቸዋል። ነገር ግን ቀደም ሲል ራሳቸው መርጠው ያመጡት ውሻ ጫጩቶቹን ጨርሶ ስለጠፋ፣ በዚህኛው እጃቸውን ማስገባት አልፈለጉም። «አብራችሁት የምትኖሩት እናንተ ናችሁ፤ ተስማምታችሁ ምረጡ» ብለው ለእንስሳቱ ተዉላቸው።

እንስሳቱ በረት ውስጥ ተሰበሰቡ። ድመቷ፣ ድመት የማያባርር ይሁን አለች። አውራ ዶሮው፣ ሚስቶቼን ቀና ብሎ የማያይ ጨዋ ይሁን አለ። እመት አህያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስትሸከም ስለምትውል ከሁሉም የሚበልጠው እንቅልፍ ነው አለች፤ ውሻው የሚያድረው በእሷ በረት ደጃፍ ነውና የማይጮህ መሆን አለበት። ሦስቱም ተስማሙ። ድመቷ የተወሰነውን በማንአለብኝ ጆሮ ላይ ጮኻ ነገረችው።

«የምትፈልጉት ውሻ ነው ወይስ አጎዛ?» አለ ማንአለብኝ።

በደንብ አልሰማም ተብሎ ታለፈ። ከመለያየታቸው በፊት ድመቷ አንድ ነገር አስታወሰች። ወይዘሮ ደብሪቱ ያለ ዋስ የቤት ሠራተኛ ቀጥረው አያውቁም፤ ስለዚህ ውሻውም ዋስ ይጥራ። ከቀረቡት ሐሳቦች ሁሉ የሠለጠነው ይኸው ነው ተባለ።

ወሬው እንደተሰማ መጀመሪያ የመጣችው አጥሩ ሥር የምታድር የመንገድ ውሻ ነበረች። ገና ከበሩ ሳታልፍ ድመቷ ላይ ጮኸች፤ ቀጥላ አውራ ዶሮው ላይ፤ ቀጥላ ነፋስ ያነቃነቀው ቅጠል ላይ።

«ዋስ አለሽ?» አለቻት እመት አህያ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ።

«ዋስ ቢኖረኝ አጥር ሥር ምን አሳደረኝ?»

አሰናበቷት። እሷም ወደ አጥሯ ሥር ተመልሳ ተጠቅልላ ተኛች።

ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ያየው ቀበሮ ወደ ጅብ ሮጠ። ነገሩ ቀላል መሆኑን አስረዳው፦ ጅቡ ውሻ ነኝ ብሎ ይቀጠራል፤ ሲመሽ አህያዋ የጅቡ፣ ዶሮዎቹ የቀበሮው ይሆናሉ። ጅቡ ሁሉም ነገር ገባው፤ ያልገባው እስኪመሽ መጠበቅ ለምን እንዳስፈለገ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ገበያ እንደሄዱ፣ ቀበሮው ጅቡን አስከትሎ እንደ ደላላ እየተንጎራደደ ገባ። ያመጣው ውሻ የሩቅ አገር ዘር መሆኑን ተናገረ። አውራ ዶሮው፣ ፊቱ ከፍ ብሎ ኋላው ለምን ዝቅ እንዳለ ጠየቀ። ቀበሮው ትሕትናው ነው አለ፤ ትልቅ ሰው ፊት ሁልጊዜ ሊቀመጥ እንደተዘጋጀ ነው። ድመት ያባርር እንደሆነ ሲጠየቅም፣ ድመት ለእሱ ከምንም አትቆጠርም አለ። ድመቷ ትንሽ ቅር ቢላትም ተቀበለችው።

«ይጮሃል?» አለች እመት አህያ።

«ጮኾ አያውቅም። አንዳንዴ ይስቃል።»

እመት አህያ ወደ ጅቡ ዞራ፣ «አህያ ትወዳለህ?» አለችው።

ጅቡ ምራቁን ዋጥ አደረገና «በጣም» አለ። በዚያ ረፋድ ከተነገረው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር፤ እመት አህያም ልቧ ተነካ።

ማንአለብኝ እየተንገዳገደ ተነስቶ እንግዳውን አሸተተ። «ይህማ አያ ጅቦ ነው» አለ። ለሳህኑ ሰስቶ ነው ብለው ተጠቃቀሱ። ማንአለብኝ ፊታቸውን አይቶ፣ «የደነቆረው ጆሮዬ ነው እንጂ አፍንጫዬ አይደለም» አላቸውና ተመልሶ ተኛ።

ድመቷ ስለ ዋሱ ጠየቀች። ቀበሮው ዋሱ እኔ ነኝ አለ። የአንተስ ዋስ ማን ነው ስትለው፣ ወደ ጅቡ ጠቆመ። ድመቷ ጉዳዩን ከግራም ከቀኝም አይታ፣ «እንግዲህ ሁለቱም ዋስ አላቸው» አለች። ጅቡ ተቀጠረ።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ጸጥ አለ። እመት አህያ እንዲህ ያለ ሰላም አይታ እንደማታውቅ እያሰበች ጋደም አለች። ቀበሮው የተሰናበተ መስሎ ዶሮ ቤቱ ሥር ተደበቀ። ጅቡ በረቱ ደጃፍ ላይ ሆኖ መሽቶ እንደሆነ ፀሐይዋን ደጋግሞ አየ። በበረቱ ጉበን ላይ የአህያዋ የጭነት ጠፍር ተሰቅሏል፤ አህያ አህያ ይሸታል። ጅቡ እስኪመሽ ጠብቅ የተባለው ለአህያዋ እንጂ ለጠፍሩ እንዳልሆነ አሰበ። በሕይወቱ ካሰበው ሁሉ ረጅሙ ሐሳብ ይህ ነበር። ጠፍሩን አውርዶ ማኘክ ጀመረ።

እመት አህያ በድምፁ ነቃች። «ምን እየበላህ ነው?»

«መቅመሻ ነው፤ አንቺ ተኚ።»

እመት አህያ አልተኛችም። በረቱ ያለው አንድ በር ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ደግሞ ራሷ የመረጠችው ዘበኛ ነው። ጅቡ ዘሎ ሲመጣባት በእርግጫ ብትለውም ጅራቷን ያዘ። ድመቷ ጣሪያ ላይ ወጣች። አውራ ዶሮው ሚስቶቹን ረስቶ ተከተላት። ማንአለብኝ ብቻ መጥቶ ጥርስ በሌለው አፉ የጅቡን እግር ያላምጥ ጀመር፤ ጅቡ ልብም አላለው።

የመንገዷ ውሻ ግን ከአጥሩ ሥር ትጮህ ነበር። በቅጠል የምትጮህ ውሻ በጅብ እንዴት እንደምትጮህ መገመት ይቻላል። አጥሩን ዘላ ገብታ የጅቡን ቂጥ ነከሰች፤ ጅቡም ግማሹን የበላውን የአህያዋን ጅራት ለቀቀ። ጩኸቷን ሰምተው ከገበያ መንገድ የሮጡት ወይዘሮ ደብሪቱና ጎረቤቶቻቸው ዱላ ይዘው ደረሱ።

ጅቡ ጥግ ሲይዝ የቅጥሩ ሥርዓት ትዝ አለው። «እኔን ከመምታታችሁ በፊት ዋሴን ጠይቁ» አለና ወደ ዶሮ ቤቱ ጠቆመ። ቀበሮው አንዲት ዶሮ በአፉ ይዞ ነበር፤ «አላውቀውም» ለማለት አፉን ሲከፍት ዶሮዋ አመለጠች። ዋሱ ለአንዴም ቢሆን ዋስ ከሆነለት ጋር እኩል ተጠያቂ ሆነ፤ ሁለቱም የዱላ ድርሻቸውን ይዘው ከግቢው ወጡ።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ውሻዋ በበረቱ ደጃፍ ጋደም አለች፤ ስለ ዋስ የጠየቃት አልነበረም። ጅራቷ በግማሽ ያጠረባት እመት አህያ ብዙ አመንትታ፣ ሌሊቱን ሙሉ ልትጮህ አስባ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ስጮህ ተኚ» አለች ውሻዋ። «ዝም ካልኩ ተነሺ።»

ከዚህ የምንማረው ጠባቂ የሚመረጠው ለእኛ በሚመቸው ጠባዩ ሳይሆን ለሌባ በማይመቸው ጠባዩ መሆኑን፣ ዋስ ይዞ ሲመጣ ደግሞ የዋሱንም ጥርስ ማየት እንደሚገባ ነው።