በደም ጠብታ ላይ የዋለ ችሎት

አንድ ጊዜ፣ በጋው ረዝሞ ወንዙ ኩሬ፣ ኩሬውም ጭቃ በሆነበት ዓመት፣ አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ከሚስቱ ከእመት አንጓች ጋር በአንድ ገደል ሥር ይኖር ነበር። ሁለት ልጆች ነበሯቸው። የአንጓች ወንድም ቀማውም «ሦስት ቀን ጠይቄያችሁ እሄዳለሁ» ብሎ መጥቶ ሦስት ወር ተቀምጧል።

ረሃብ ገብቷል። የአንጓች ጡት ነጥፏል። ልጆቹ ይጠባሉ፤ የሚወጣ ነገር የለም። ትልቁ ያለቅሳል። ትንሹ ማልቀሱን ትቷል። የሚያለቅስ ልጅ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው።

አንድ ማለዳ አንጓች ሁለቱን ወንዶች ቀሰቀሰቻቸው።

«ተነሱ። አንድ ድኩላ በየጠዋቱ ወደ ኩሬው ይወርዳል። ኮቴውን አይቼዋለሁ። ዛሬ ካልያዝነው ትንሹ ልጅ አይተርፍም።»

«ድኩላ?» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ስንት ነው?»

«አንድ ነው አልኩህ።»

«ለእኔስ?» አለ ቀማው።

አንጓች ቦታ አስያዘቻቸው። አያ ጅቦ ከኩሬው በስተቀኝ አጋም ሥር ተደበቀ። ቀማው በስተግራ ከቋጥኝ ኋላ ተጋደመ። እሷ ድኩላውን ከላይ ልታባርር ወደ ጫካው ወጣች። ይህ የቤቱ የቆየ ደንብ ነው፤ አባራሪው ብዙ ይሮጣል፣ አድፋጩ ብዙ ያወራል።

ድኩላው መጣ። አንጓች ከኋላው ተወረወረች። ወደ ታች ሲፈተለክ ጅቦና ቀማው በአንድ ጊዜ ዘለው ወጡ። ጅቦ ታፋውን ነከሰ፤ ቀማው ጎኑን ነከሰ። ከዚያ ግንባር ለግንባር ተጋጭተው ሁለቱም ተዘረሩ። ድኩላው በላያቸው ዘሎ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ድንጋዩ ላይ ደም ተንጠባጠበ።

አንጓች እያለከለከች ደረሰች። ከንፈሯ ላይ ደም ነበር። ማንም አላየውም። እሷ ጎንበስ ብላ የድንጋዩን ደም አሸተተች።

«አረፋ አለው። ሳንባው ተነክቷል። ሩቅ አይሄድም።»

«እንግዲያው እንሩጥ!» ብሎ ጅቦ ተነሳ።

«ቁጭ በል! የቆሰለ ድኩላ ካሳደዱት ሦስት ተራራ ይሻገራል፤ ከተዉት አንድ ዛፍ ሥር ይተኛል። ትንሽ እንታገሥ። ከዚያ ጠብታውን እያየን ቀስ ብለን እንከተለዋለን። እስከዚያው ድምፃችሁ እንዳይሰማ።»

ምክሩ ትክክል ነበር። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጅብ ዝም እንዲል ይጠይቃል።

ጅቦ ዝም አለ። ጥላው አንድ ስንዝር እስኪያጥር ድረስ ቻለው። ከዚያ ደረቱ ማበጥ ጀመረ። ጎፈሩ ቆመ። በመጨረሻ አመለጠው፤

«ዘራፍ አያ ጅቦ፣ የብረት መንጋጋ፣
ድኩላውን የጣልሁ ሰማዩ ሳይነጋ!»

ሰማዩ ነግቶ ነበር። ድኩላውም እዚያ አልወደቀም። ፉከራ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይገደውም።

አንጓች ተበሳጨች። «በል እሺ፣ ከጮህክ አይቀር እንነሳ» ብላ ወደ ደሙ ልትሄድ አንድ እግሯን አነሳች። በዚያው ቅጽበት ቀማው ተነሥቶ ጮኸ።

«በሕግ አምላክ!»

በዚያ አገር «በሕግ አምላክ» ከተባለ የሚሮጥ ይቆማል፤ የቆመም አይነቃነቅም። አንጓች ያነሳችውን እግር መለሰችው።

«ምን ሆንክ፣ አማቼ?» አለ ጅቦ።

«ደንቡን ታውቃለህ። መጀመሪያ ደም ያፈሰሰ ቀንዱንና ቀኝ ታፋውን ይወስዳል። የሚፎክረውም እሱ ነው። ተጠየቅ! ቀድሞ የነከሰ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ታፋውን!»

«ጎኑን ስነክስ አንተ ገና አፍህን እየከፈትክ ነበር።»

«የእኔ አፍ ሁልጊዜ ክፍት ነው!»

«እሱስ እውነት ነው።»

«እባካችሁ» አለች አንጓች። «ልጆቼ እየሞቱ ነው። መጀመሪያ ድኩላውን እናግኘው። ከዚያ እስከ ክረምት ተካሰሱ።»

«ሴት በክርክር መሃል አትገባም!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። በዚያ ማለዳ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

አያ ቀበሮ ከማለዳው ጀምሮ ኩይሳ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ያይ ነበር። ክርክሩ ሲግል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘመዶቼ፣ እኔ እንኳ መንገደኛ ነኝ። ግን የአማቾች ጠብ ሳይ አላልፍም፤ አንጀቴ አይችልም። ዳኛ ካስፈለጋችሁ ልቀመጥላችሁ።»

«ተቀመጥ!» አለ ጅቦ።

«ይቀመጡ በለው እንጂ» አለ ቀማው። «ዳኛ አንተ ይባላል?»

ቀበሮ ከኩይሳው ወረደ። አካሄዱ ከወዲሁ ተለውጧል።

«ሕጉ ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ይታሰሩ ይላል፤ ማንም እንዳይጠፋ። ዙሩ።» ሐረግ በጥሶ የጅቦን ጅራት ከቀማው ጅራት ጋር አጥብቆ ቋጠረው። «ደሙ ማስረጃ ነው። እንዳትረግጡት። እመት አንጓች፣ የአንዱ ሚስት የአንዱ እህት ነሽ፤ የሁለቱም ዋስ አንቺ ትሆኛለሽ። ደሙን ተከትለሽ ብትሄጂ ሁለቱም ተረቱ ማለት ነው።»

«እሺ፣ ዋስ ነኝ። እርስዎስ ወዴት ነዎት፣ ጌታዬ?» አለችው አንጓች።

«ቁስሉን ልመረምር። የማን ጥርስ ቀድሞ እንደገባ የሚናገረው ቁስሉ ነው።»

«አቤት ዳኛ!» አለ ጅቦ። «ለእግሩ እንኳ አይሳሳም!»

ቀበሮ ሄደ። አልሮጠም፤ አልፎከረም። ከጠብታ ወደ ጠብታ አለፈ። ደሙ ሲጠፋበት መጨረሻው ጠብታ አጠገብ ቆሞ የተጣመመውን ሣርና የተገለበጠውን ጠጠር አየ። ዱካውን አገኘው። ድኩላው ከአንድ ወይራ ሥር ተኝቶ ሞቷል። ገና ሞቃት ነበር። ምርመራው ከጉበቱ ተጀመረ።

ቀበሮ እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ።

«ጌታዬ፣ አፍዎ ላይ ደም አለ» አለች አንጓች።

«የጥርስ ምልክት በምን ሊመረመር ኖሯል? በጥርስ ነው እንጂ» አለ ቀበሮ ከንፈሩን እየላሰ። «ጉዳዩ ጥልቅ ነው። ባንድ ቀን አያልቅም። ለነገ ጠዋት ቀጥሬዋለሁ። ነገ ጸሐፊና ሽማግሌዎች ይዤ እመጣለሁ።»

«እግዜር ይስጥልን!» አሉ ሁለቱ ጅቦች። ሊሰግዱለት ጎንበስ ሲሉ ጅራታቸው ተሳስቦ ባፍጢማቸው ተደፉ።

ሲመሽ አንጓች ልታጠባ ወደ ገደሉ ወረደች። ትልቁ ልጅ እየተንገዳገደ መጣ። ትንሹ አልተነሳም። አፍንጫውን ላሰችው፤ ደርቋል። ወደ ጫካው አየች። ደሙ የት እንዳለ ታውቃለች። ግን ዋስ ነኝ ብላለች። እስከዚያን ቀን ድረስ ቃል ከሆድ ይበልጣል ብላ ታምን ነበር።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ቀበሮ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር መጣ።

«ይህች ጸሐፊዬ ናት። እነዚህ ደግሞ ሽማግሌዎች ናቸው።»

«ሽማግሌዎቹ ጥርስ አላበቀሉም» አለች አንጓች።

«ሽማግሌ መቼ ጥርስ ኖሮት ያውቃል?» አለ ቀበሮ፤ ቤተሰቡን እየመራ ወደ ቁጥቋጦው ገባ።

ጅቦ ኮራ። «አየሽ? ለእኛ ጉዳይ ስንት ሆነው እንደመጡ! ተራ ነገር ቢሆን ይህ ሁሉ ሽማግሌ ይሰበሰብ ነበር?»

አንጓች ግን የቀበሮን ሆድ አስተውላ ነበር። ትናንት ከጀርባው ተጣብቆ የነበረ ሆድ ዛሬ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለ ቀማው።

«ዋስነቴን አውርጃለሁ።»

«እህቴ፣ ክሱ ይበላሻል!»

«ሥጋው ከተበላሸ ቆየ» ብላ ሄደች።

ደሙ ደርቆ ጠቁሯል። ጉንዳን ተሰልፎበት ስለነበር መንገዱን አላጣችውም። ወይራው ሥር ስትደርስ ችሎቱ ሙሉ ነበር። ሽማግሌዎቹ አንጀት ይጓተታሉ። ጸሐፊዋ የጎን አጥንት ላይ ተቀምጣለች። ዳኛው ታፋው ውስጥ እስከ ጆሮው ገብቷል።

«ችሎት ደፈርሽ!» አለ ቀበሮ አፉ እንደ ሞላ።

«ደፈርኩ» አለች አንጓች። ጥርሷን አሳየችው። ዳኛው፣ ጸሐፊዋና ሽማግሌዎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ። የማን ጥርስ እንደሆነ ያን ጊዜ ምርመራ አላስፈለገውም።

የተረፈው ብዙ አይደለም። ራሱ፣ አከርካሪውና የእግሮቹ አጥንት ነው። አንጓች የኋላ እግሩን አገላብጣ አየች። አንድ ነገር አየችበት። ከዚያ የቻለችውን በአፏ ጎትታ ገደል ሥር አደረሰችው። አጥንቱን ሰብራ መቅኑን አላመጠች። በትንሹ ልጅ አፍ ውስጥ አደረገችለት። የመጀመሪያው ፈሰሰ። ሁለተኛውም ፈሰሰ። ሦስተኛውን ዋጠው።

ቀበሮ በዚያን ጊዜ ወደ ኩይሳው ተመልሶ፣ ከሩቅ ሆኖ፣ ፍርዱን አሰማ።

«ሁለታችሁም እኩል ረትታችኋል! ክብሩ የጋራችሁ ነው!»

ጅቦና ቀማው እልል አሉ። ከዚያ ጅቦ ትንሽ አሰበ፤ ማሰቡ ጊዜ ወሰደበት።

«ጌታዬ፣ ሥጋውስ?»

«ሥጋውን ምርመራው ጨረሰው። የቀረውን ዋሳችሁ ወስዳለች። እሷን ክሰሱ። ዳኛ ከፈለጋችሁ ቤቴን ታውቁታላችሁ።» ይህን ብሎ ተሰወረ። ጅራታቸውን አልፈታም።

ሁለቱ ወደ ቤት ተጓዙ። ጅራት ለጅራት ለታሰረ መንገዱ ረጅም ነው፤ አንዱ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው የግድ ወደ ኋላ ይሄዳል። «የረታ ፊቱን አስቀድሞ ይሄዳል» አለ ጅቦ። «እኩል ረትተናል ተብሏል» አለ ቀማው። ስለዚህ በየአሥር እርምጃው እየዞሩ፣ እየተጎተቱ፣ ቀትር ላይ ደረሱ። አንጓች የመጨረሻውን አጥንት እየሰበረች ነበር።

«አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ጮኸ ጅቦ። «ማስረጃውን በላሽው?»

«በላሁት። አንድ አስቀርቼላችኋለሁ።» የኋላ እግሩን አጥንት ገፋ አደረገችላቸው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የጥርስ ምልክት ነበር። «ይህ የማን ነው?»

ጅቦ አፉን አስጠግቶ ለካው። «ጠባብ ነው። የእኔ አይደለም። እኔ ታፋውን ነው።»

ቀማውም ለካው። «የእኔም አይደለም። እኔ ጎኑን ነው።»

«የእኔ ነው» አለች አንጓች። «ከጫካው ሳስወጣው ነው የነከስኩት። እናንተ ጋ ሲደርስ ያነክስ ነበር። መጀመሪያ ደም ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።»

ጅቦ ዝም አለ። ቀማውም ዝም አለ። ይህ ዝምታ ትናንት ጠዋት ቢመጣ ኖሮ ድኩላው ሙሉውን የእነሱ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አለ ጅቦ በመጨረሻ።

«ብናገር የእኔም ጅራት ከናንተ ጋር ይታሰር ነበር።»

ትንሹ ልጅ ከኋላዋ ማልቀስ ጀመረ። አንጓች ድምፁን ስትሰማ ደስ አላት። ቂሟን ረሳችና ሐረጉን ልትበጥስላቸው ቀረበች። ጥርሷን ልታሳርፍ ስትል ጅቦ፤

«እኔን አስቀድመሽ ፍቺኝ። የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ» አላት።

«እሱን ከፈታሽ እኔ ታስሬ ልቀር ነው!» አለ ቀማው። «እኔ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ይቀድማል!»

«አባወራ ይቀድማል!»

«በሕግ አምላክ!»

አንጓች ጥርሷን መለሰች። ወደ ልጆቿ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታቸው ተኛች። ከገደሉ አናት ላይ ቀበሮ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ።

ከዚህ የምንማረው፣ ማን ቀድሞ እንዳቆሰለ ሲከራከር የሚውል ቤት ፍርዱን ሲያገኝ ሥጋውን በዳኛው ሆድ ውስጥ እንደሚያገኘው፣ ልጆችን የሚያተርፈውም የመጀመሪያውን ደም ያፈሰሰ ሳይሆን ደሙን እስከ መጨረሻው ጠብታ የተከተለ መሆኑን ነው።