ለበረሃ ማዶው ጌታ የተላከ ማር

ተረት ልንገራችሁ፤ «ይምጣ» በሉኝ።

ከበረሃው ማዶ የሚኖር አንድ አንበሳ ነበር። ከበረሃው ወዲህ ያለውን የንቦች አገር በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ቢሆንም «ምድሩም አበባውም የእኔ ነው፤ ማር ትገብራላችሁ» ብሎ አያ ጅቦን ላከባቸው።

ፈሪዋ እመት ጦጢት ከዛፏ ላይ ሆና «ኧረ ገብሩና ተገላገሉ! የሩቅ ጌታ ቁጣው አይታወቅም» አለቻቸው።

የንቦቹ ንግሥት ግን አልተቆጣችም። «እንገብራለን» አለችው አያ ጅቦን። «ግን በአገራችን ወግ ለጌታ የተቆረጠ ማር መላክ ነውር ነው። ከነቀፎው ውሰደው።»

«ከነቀፎው ከሆነማ ይበልጣል!» አለ ሆዳሙ አያ ጅቦ።

ሲመሽ ንቦቹ ሁሉ ወደ ቀፏቸው ገቡ። እሱም የቀፎውን አፍ በቅጠል ወትፎ ተሸከመው። ንቦቹ የት ገቡ ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

አንበሳው ቀፎውን ተቀበለ፤ ቅጠሉን በጥርሱ ነቀለና ምላሱን ሰደደ። የሆነው ሆነ። ንቦቹም ጉዳያቸውን ጨርሰው ወደ አበባቸው ተመለሱ።

በዓመቱ አበባው ሲፈነዳ አያ ጅቦ መጣ። በንቦቹ አገር ዳር ያለውን ወንዝ ግን አልተሻገረም፤ ከወዲያ ማዶ ቆሞ «ጌታዬ የዘንድሮውን ግብር ምረዋችኋል!» ሲል ጮኸ።

ንግሥቲቱ ከአዲሱ ቀፏቸው ደጃፍ ብቅ አለች።

«ምነው አያ ጅቦ! እኛ እኮ ተሰናድተን ስንጠብቅህ ነው የከረምነው። ና ተሸከም እንጂ!»

እኔም ተረቴን ጨረስኩ፤ ወዳችሁት ከሆነ ማር አቅምሱኝ።